በደጋ አገር ቤትን በጥቂት ወጪ ሞቅ አድርጎ ስለ መያዝ

በአማርኛችን ክረምት የሚባለው የዝናቡ ወራት ነው፤ በጋ የሚባለውም ደረቁ ወራት ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ክረምትን ከብርድ ጋር አዛምደው ሲናገሩ ያነበበ ሰው በኛም አገር ትልቁ ብርድ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ሊመስለው ይችላል። የደጋ ሰው ግን ነገሩን በሰውነቱ ያውቀዋል። ሌሊቱ የሚከፋው ደመናው ከተገፈፈ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ ነው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ጧት ሜዳው አመዳይ ለብሶ የሚታየውም በዚሁ ወራት ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ምድር ቀን ከፀሓይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ደመና በሌለ ጊዜ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይጨመራል፤ 1000 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ቢወርድ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ግን ካፖርት የሚያስወልቅ ፀሓይ ይወጣል። ስለዚህ የደጋችን ብርድ እንደ አውሮፓ ብርድ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ወራቱን ሙሉ የሚቆይ አይደለም፤ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ይገባል፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማም ይወጣል። ይህ ልዩነት ለወጪያችን ትልቅ ነገር ነው። ቀን በነፃ የሚገኘውን ሙቀት ይዞ ማሳደር የሚችል ቤት ማገዶ እምብዛም አያስፈልገውምና።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሙቀትን ከመግዛት ይልቅ ያለውን ሙቀት መያዝ እጅግ የሚረክስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ቤትን አጥብቆ መዝጋትና ከሰል ማንደድ ከቶ አብረው ሊሄዱ የማይችሉ መሆናቸው ነው። በብርዱ ወራት ማታ በደኅና ገብቶ የተኛ ሰው ጧት ሬሳው የሚወጣው ይህ ሁለተኛው ነገር ችላ በመባሉ ነው።

የቀድሞው ቤትና የዛሬው ቤት

የመንዝና የአካባቢው ነባር ቤት ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም እጅግ ጥቂት ወይም ጭራሹን የሌለው ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ጓሳውም በየሰበዙ መካከል አየር አምቆ ስለሚይዝ ሙቀቱን ቶሎ አያሳልፍም። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድር ከሆነም የከብቱ ትንፋሽና የሰውነቱ ሙቀት ለቤቱ ይተርፋል። እሳቱ ከመካከል ይነድዳል፤ ጢሱም በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቤት ለዓይንና ለሳንባ የማይበጅ መሆኑ እርግጥ ነው፤ በብርድ በኩል ግን የሠሩት ሰዎች የሚሠሩትን ያውቁ ነበር።

ዛሬ በከተማው ሁሉ የቆርቆሮ ክዳን የተለመደ ሆኗል። ቆርቆሮን ለመንቀፍ አንነሣም፤ አያፈስስም፣ እንደ ሣር ክዳን በእሳት አይያዝም፣ በየጥቂት ዓመቱም መቀየር አያስፈልገውም። ዳሩ ግን ሙቀትን በመያዝ በኩል ከቆርቆሮ የባሰ ክዳን ማግኘት ያስቸግራል። ቀን ቤቱን ያግላል፤ ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ግን ሙቀቱን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለሰማይ ያስረክብና ከውጭው አየር እንኳ የቀዘቀዘ ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከክዳኑ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ዝናብ አይደለም፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ የሚወርድ ነው። ይህ ጠብታ ያለበት ቤት ሙቀቱ በምን በኩል እንደሚያመልጥበት ሌላ መርማሪ አያስፈልገውም።

ከክዳኑ መጀመር ይገባል

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለሆነም ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ሰው ግድግዳውንም መስኮቱንም ትቶ ኮርኒስ ማሠራት አለበት። ኮርኒስ ስንል የግድ ከጣውላ ወይም ከፋብሪካ የወጣ መሆን የለበትም። በቀድሞ ጊዜ በብዙ ከተማ ቤት እንደ ተደረገው ተወጥሮ የተሰፋ አቡጀዲ ይበቃል። አቡጀዲ የማይገኝ ከሆነም የታጠበ ጆንያ እየተሰፋ ሊወጠር ይችላል፤ የቀርከሃ ምንጣፍ በሚገኝበት አገርም እርሱ ማለፊያ ነው። ዋናው ቁም ነገር ጨርቁ ወይም ምንጣፉ ራሱ አይደለም፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ተዘግቶ የሚቀረው፣ የማይነቃነቀው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በዚሁ ጥበብ ነው። ያው ጥጥ አንድ ወፍራም ንጣፍ ሆኖ ከሚለበስ ይልቅ አራት እጥፍ ሆኖ ሲለበስ የሚሞቀው በየእጥፉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ኮርኒስ ለቤት ጋቢ ማልበስ ማለት ነው።

በኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያ ክፍተት ከቀረ ግን የሞቀው አየር በዚያ እየወጣ አየሩ ስለሚነቃነቅ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጠርዙን ከግድግዳው ጋር በጭቃ ወይም በቀጭን እንጨት ማያያዝ ያስፈልጋል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ወይም ድርቆሽ እንጎዝጉዝበት የሚሉ ሰዎች አሉ። ሙቀቱን በመያዝ በኩል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣራው ውስጥ በሚያልፍበት ቤት ይህን ማድረግ እሳትን ቤት ድረስ መጥራት ስለ ሆነ አይመከርም። ጨርቅም ሆነ ጆንያ እሳት በሚነድድበት ማድ ቤት ከምድጃው በላይ መወጠር የለበትም።

ግድግዳና ቀዳዳ

ከኮርኒስ ቀጥሎ የሚመጣው ቀዳዳን መድፈን ነው፤ ይህም ከጉልበት በቀር እምብዛም ወጪ አይጠይቅም። ነፋስ በሚነፍስበት ማታ ዕጣን አጭሶ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ዙሪያ፣ ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ማዕዘን እያዘዋወሩ ጢሱን ማየት ነው። ጢሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ደኅና ነው፤ ወደ ጎን የሚበተን ከሆነ ግን ነፋሱ በዚያ ይገባል። ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የበረታ ነው። አሮጌ ጨርቅ እንደ ቱቦ ሰፍቶ አሸዋ ወይም ገለባ ሞልቶ በበሩ ሥር ማጋደም ይህን ያቆመዋል።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግድግዳውን መመረግ አለበት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ጭዱ ይለሰልስና ምርጊቱ ሳይሰነጠቅ ይደርቃል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው በኅዳር እንደገና ይመርጋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ርጥበት ነው። ውሃ የጠጣ ግድግዳ ሙቀትን ከደረቅ ግድግዳ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያሳልፋል፤ ለመድረቅም ሙቀቱን ከቤቱ ውስጥ ይወስዳል። ስለዚህ የጣራው ውሃ ግድግዳውን እንዳይመታ ክዳኑን ወጣ አድርጎ ማስረዘምና በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ብርድን ከመከላከል ሥራ ውስጥ የሚቆጠር ነው። የብዙ ቤት የታኅሣሥ ብርድ በሐምሌ የተጠራቀመ ርጥበት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

የብሎኬት ቤት ያላቸው ሰዎች ግድግዳቸው ስለ ጠነከረ ብርድን የሚመልስ ይመስላቸዋል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው እንጂ ሙቅ አይደለም። አልጋው ብሎኬቱን ተጠግቶ የሚገኝ ከሆነ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ማራቅ፣ ወይም በግድግዳው ላይ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጨርቅ መስቀል ወዲያው የሚታወቅ ለውጥ ያመጣል።

ፀሓይን ስለ ማስገባት

ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የምትገኝ ናት። ስለዚህ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሓይ ከአናት ወደ ደቡብ 33 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ትታያለች፤ በሰኔ ደግሞ አናትን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ይህ የመምህራን ወሬ ብቻ አይደለም። በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ፀሓይን የሚያስገባው ልክ በምትፈለግበት ወራት ነው ማለት ነው። በሰሜን በኩል ያለ መስኮት በብርዱ ወራት ፀሓይ ከቶ አያይም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መስኮቱን ለመንገድ ብቻ ብሎ ሳይሆን ለፀሓይ ብሎ ቢተክል፣ አንድ ጊዜ ባሰበው ነገር ዕድሜውን ሙሉ ማገዶ ይቆጥባል። ቤቱ የተሠራለት ሰውም ቢሆን ሽማግሌ ወይም አራስ የሚተኛበትን ክፍል በደቡብ ወይም በምዕራብ በኩል ማድረግ ይችላል፤ የምዕራብ ግድግዳ የተሲያትን ፀሓይ ጠጥቶ ለማታ የሚያስቀር ነውና።

መስኮት ግን ቀን የሚያስገባውን ማታ የሚያስወጣ ሌባ ነው። ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ገልጦ ፀሓይ እወለሉና እግድግዳው ላይ እንድታርፍ ማድረግ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ደግሞ የእንጨቱን መዝጊያ መዝጋት ወይም ወፍራም መጋረጃ መጋረድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መስኮቱን የሚዘጋው ሲበርደው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሊያዝ የሚገባው ሙቀት ወጥቶ አልቋል። አልጋ ልብሱንም ቀን ፀሓይ ላይ ማስጣት መልካም ነው። ርጥበት ያደረበት ብርድ ልብስ ክብደቱ እንጂ ሙቀቱ አይሰማም።

ከቤቱ ይልቅ ሰውን ማሞቅ

አንድ የተኛ ሰው ሳያቋርጥ 70 ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። አምስት ሰው የሚያድርበት ቤት እንግዲህ ያለ አንዳች ወጪ ሌሊቱን ሙሉ ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ያገኛል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚረክስ ምድጃ የለም፤ ጥያቄው ሙቀቱን የት እናሳድረው የሚለው ብቻ ነው።

ሰው ከላዩ ሦስት ልብስ ደርቦ ከሥሩ ቀጭን ሰሌን አንጥፎ ሲተኛ የሚበርደው ለምን እንደ ሆነ አይገባውም። ብርድ ከታችም ይመጣል። በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ ፍራሽ አየር ስለማይዝ ሙቀቱ በመሬቱ ወይም በአልጋው ሥር ባለው አየር ይወሰዳል። ከፍራሹ ሥር የበግ አጎዛ፣ ገለባ የተሞላ ጆንያ ወይም ብዙ ንጣፍ ካርቶን ማድረግ ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይበልጣል። ከላይ ለሚለበሰው ደግሞ ከሰውነት ቀጥሎ ጋቢ፣ ከዚያ በላይ ባና ቢሆን መልካም ነው። በመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና ሻካራ ነው ተብሎ በከተማ ሰው ዘንድ እየተናቀ ሄዷል። ሱፍ ግን ርጥበት ሲነካው እንኳ ሙቀቱን አይለቅም፤ ጥጥ ይህ ጠባይ የለውም። ዋጋውም ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ ጋር ሲመዛዘን፣ በዕድሜው ሲካፈል፣ ባናው ይረክሳል ብለን እናምናለን።

ሌላው ርካሽ ዘዴ የሙቅ ውሃ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ የሚፈጀው ኃይል የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሰባተኛው እጅ ያህል ነው። ይህ ውሃ በጎማ የውሃ ከረጢት ተደርጎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከመኝታ ሩብ ሰዓት በፊት ከብርድ ልብሱ ሥር ቢገባ አልጋውን እስከ እኩለ ሌሊት ያሞቀዋል። ባለ 1000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 8 ሰዓት ቢበራ ግን 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይኸውም ሃምሳ እጥፍ ያህል ነው። ከረጢቱ ከሌለ ወፍራምና ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ያገለግላል። የሚፈላ ውሃ በስስ ላስቲክ ጠርሙስ ማድረግ ግን ጠርሙሱን አጨማድዶ ሰውን ሊያቃጥል ስለሚችል አይገባም። ለሕፃናት አልጋውን ካሞቀ በኋላ አውጥቶ ማስተኛት እንጂ ከነርሱ ጋር መተው የለበትም።

ስለ አራስ ልጅ ከተነሣ፣ ይህን ሳንጨምር ማለፍ አንችልም። የአራስ ሕፃን ሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ሕፃኑ ትንሽ ስለ ሆነ ሙቀቱን ከትልቅ ሰው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያጣል። በደጋ የብርድ ሌሊት የተወለደ ልጅ ወዲያው መታጠብ የለበትም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት እንዲገባ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። ሰውነቱን በደረቅ ጨርቅ አድርቆ፣ ራሱን በቆብ ሸፍኖ፣ ራቁት ገላውን በእናቱ ደረት ላይ አድርጎ ሁለቱን አንድ ላይ ማልበስ ከማናቸውም ማሞቂያ የሚበልጥ ነው። እናቱ ካልቻለች አባቱ ወይም አያቱ ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። አራስ ቤት ውስጥ ፍም ማስገባት ግን፣ ምንም እንኳ ከፍቅር የመነጨ ቢሆን፣ እናትንና ልጅን በአንድ ሌሊት ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው።

ስለ ከሰል

ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ፈጽሞ ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስነጥስም። ወደ ደም በገባ ጊዜ አየርን ወደ ሰውነት የሚያደርሰውን የደም ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ቢተነፍስም ትንፋሹ አይጠቅመውም። ራሱን ያመዋል፣ ይዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ነቅቶ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እንቅልፉ ወደ ሞት ይለወጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ራሷ ብትተርፍ እንኳ በማኅፀንዋ ያለው ልጅ ከርሷ ይልቅ ይጎዳል።

በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አሳብ አለ። ይኸውም «ከሰሉ ጢሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ አይጎዳም» የሚለው ነው። ይህ ስሕተት ነው። ጢሱ ሲያልቅ የሚያልቀው የሚያስጠነቅቀን ነገር ነው እንጂ መርዙ አይደለም። በአመድ የተዳፈነ ፍም አየር ስለሚያጥረው በተለይ አደገኛ ነው፤ ሰውም ይህንኑ የተዳፈነ ፍም ነው ለሌሊት ብሎ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚያስገባው። በአጠገቡ ውሃ ቢያኖሩ፣ ጨው ቢነሰንሱበት፣ ሎሚ ቢቆርጡበት አንዳች አይጠቅምም፤ መርዙ በውሃ የማይሟሟ ያህል ነውና።

«አያቶቻችን እሳት ዳር ተኝተው አልነበረምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ በቤቱ ውስጥ ነው። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ የእንጨትና የኩበት ጢስም ዓይን አቃጥሎ፣ አስሎ፣ ሰውን ወደ ውጭ ያስወጣል። የዛሬው ክፍል ግን ጠባብ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ወይም ቤቶን ነው፤ መስኮቱ መስታወት ነው፤ በሩም ገጥሞ ይዘጋል። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ደግሞ ከሰሉን በበረንዳ ላይ አቀጣጥሎ ከዚያ ወደ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ከላይ ቀዳዳችሁን ድፈኑ ብሎ ስለ መከረ፣ እዚህ ላይ ቃሉን ማጥበቅ ግዴታው ነው። ቀዳዳው የተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አይገባም። ከሰል የሚገባበት ቤት ቀዳዳ አይደፈንም።

ከሰል የግድ የሚያስፈልገው ቤተ ሰብ ከሆነ፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ሰው ሁሉ ነቅቶ ሳለ ብቻ፣ በሩንና ፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት ከፍቶ መሞቅ፣ ከመኝታ በፊትም ምድጃውን ከቤት ማውጣት ነው። ማውጣት ስንል ወደ ኮሪደር ወይም ወደ ጎን ክፍል ማለት አይደለም፤ ወደ ግቢ ማለት ነው። አደጋ የደረሰ ሲመስል በሩን በርግዶ ሰውዬውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ወዲያውም ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በዚያ የሚሰጠው ኦክሲጅን ነው። ወደ ውጭ ወጥቶ የተሻለው ቢመስልም መታየት አለበት። ወተት መጋት ወይም ውሃ መድፋት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ከሕይወት ቀጥሎ የወጪው ነገርም አለ። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው መንገድ ለማክሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ማገዶ በደጋችን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ የሚያውቅ ታሪክን ይመልከት፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አዲስ ዓለምን ለመቆርቆር ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ማለቁ ነበር። ባሕር ዛፍ በዚያው ጊዜ ባይመጣ ኖሮ ዋና ከተማው ዛሬ ባለበት ይገኝ እንደ ነበር ማን ያውቃል? በሰሜን ሸዋ ደጋም እንጨቱ ባነሰ ቁጥር የሚነደው ኩበት ነው፤ የነደደ ኩበት ደግሞ ለእርሻው የቀረ ፍግ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መርዝ አያወጣም፤ በዚህ በኩል ከከሰል ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ባለ 1000 ዋት ማሞቂያ በየማታው 4 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የቤት ቆጣሪ ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱም ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ይህ ጭማሪ ቤተ ሰቡን ወደ ላይኛው ደረጃ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያውን ከመግዛት በፊት ኮርኒሱን ማሠራት፣ ከተገዛም በኋላ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ባለበት በአንዱ ክፍል ብቻ መጠቀም ያዋጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት ለቤት ውስጥ ሙቀት 18 ዲግሪን መነሻ አድርጎ ጠቅሷል፤ ከዚያ በላይ ማግለጉ ለጤነኛ ሰው ምቾት እንጂ ግዴታ አይደለም። ማሞቂያውን ከቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ጋር ማያያዝ፣ ልብስ ማድረቂያ ማድረግ ወይም አብርቶ መተኛት እሳት ያስነሣል።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ቤቱን የደፈነ ሰው ጧት ፀሓይ ስትወጣ በርና መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ አየሩን መለወጥ አለበት። ለሳምንታት የሚያስል ሰው ባለበት ቤት ይህ ይልቁንም ይጠብቃል፤ የሳንባ ነቀርሳ በተዘጋ አየር ይዛመታልና። የሞቀው ግድግዳ ሙቀቱን ስለሚይዝ አየር መለወጥ ሙቀቱን ሁሉ ያወጣል ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

ለአስተዳደር ሠራተኞች

ነዋሪው በቤቱ የሚያደርገው ይህ ነው። የቀበሌና የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ደግሞ ከእጃቸው የማይወጡ ነገሮች አሉ። የመንግሥትና የቀበሌ ኪራይ ቤቶች ጥገና በበጀት ሲያዝ ቀለም ከመቀባት በፊት ኮርኒስና የውሃ መውረጃ መቅደም ይገባቸዋል። ተከራይ በገንዘቡ ኮርኒስ ላሠራ ሲል ፈቃድ ለመስጠት ወራት ማቆየትም ጥቅሙ አይታየንም። በጤና ጣቢያ የማዋለጃው ክፍል ፀሓይ በሚገባበት በኩል መሆኑን፣ በማለዳ ትምህርት የሚጀምሩ የትንንሽ ልጆች ክፍሎችም በምሥራቅ ወይም በደቡብ በኩል መሆናቸውን ማየት ከባድ ሥራ አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች በየቀበሌው ይታወቃሉ፤ ከጥቅምት ወዲህ ቤታቸውን ማን እንደ መረገላቸው፣ ምን ለብሰው እንደሚተኙ፣ ማታ ከሰል ያስገቡ እንደ ሆነ መጠየቅ የዕድሩም የቀበሌውም ሥራ ነው።

በመጨረሻ የዘበኞች ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱና በየግንባታው በር የሚቆመው የዘበኛ ቤት ከሁሉ ይልቅ ጠባብ፣ ከሁሉ ይልቅ ቆርቆሮ የበዛበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በዚያ የሚቀመጥ ሰው ከሰል ባያስገባ ነው የሚደንቀው። ቀጣሪው «ከሰል ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ የሚተወው ከሆነ፣ ዘበኛው ማስታወቂያውን እያነበበ ፍሙን ያስገባል። ለዘበኛ የሚያስፈልገው ወፍራም ካፖርትና ቆብ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የተሠራ ወለል፣ በቆርቆሮው ውስጥ በኩል የተመታ ጣውላ ወይም ካርቶን፣ በላይኛው ማዕዘን ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ፣ እንዲሁም ማታ ሲገባ በትኩስ ሻይ የተሞላ ፔርሙስ ነው። የዚህ ሁሉ ዋጋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቀላል ነው፤ ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ተገዝቶ መሰጠት ያለበት ሲሆን፣ የዘበኛ ቤቶቹንም የቀበሌው ሹም በዚያው ወር ራሱ ሄዶ ቢያያቸው መልካም ነው።